ቀብዱን ከከፈለ በኋላ ነገረኝ

 

ባለፈው ሰሞን ከአንዲት እኅት ደብዳቤ ደረሰኝ። ስሟንና የምታመልክበትን አጥቢያ እንዳልገልጽ ስለጠየቀችኝ አልጽፈውም። ፍሬ ሐሳቡ ግን ይህ ነው፦ ባለቤቷ መልካም ሰው ነው፤ አይጠጣም፣ አያመሽም፣ ልጆቹን ይወዳል። አሁን ግን አሮጌ መኪና ገዝቼ በትርፍ ጊዜዬ እየፈታሁ፣ እየገጠምሁ አሳምረዋለሁ ብሎ ተነሥቷል። እምቢ ስትለው ያኮርፋል፤ እሺ እንዳትለው የቤት ኪራዩና የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ያሳስባታል። "ይህ የልጅነት ነገር ነው ወይስ እኔ ነኝ የጠበብኩት?" ስትል ትጠይቃለች።

እኅቴ ሆይ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ምክንያቱም ይህ ነገር በእኛም ግቢ ውስጥ ተከናውኗል። ምክር ከመስጠቴ በፊት የሆነውን ልንገርሽ። ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦታል። "እውነቱን ጻፊ፤ የእኔን ብቻ ሳይሆን የራስሽንም" ብሎኛል።

ከቆሼ ማዶ

እኛ የምንኖረው ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ቆሼ በሚባለው ሰፈር አጠገብ ነው። አዲስ አበባ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻዋን የጣለችበት ስፍራ እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ከውጭ ለሚያየው ቆሼ ሽታና ጭስ ነው። ለምንኖርበት ሰዎች ግን ሰፈር ነው። በማለዳ መንጠቆ ብረት ይዘው ወጥተው ከቆሻሻው ውስጥ ፕላስቲክ፣ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ሽቦ እየለዩ የሚኖሩ ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው። የለዩት ብረት በነጋዴዎች እጅ አልፎ ወደ መርካቶ ይሄዳል፤ ምናለሽ ተራ ላይ ተቀጥቅጦ ምድጃ ወይም ምጣድ ማስቀመጫ ሆኖ ተመልሶ ወደ ቤታችን ይገባል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን መኖሪያዎች ቀበራቸው። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በአገር ደረጃ የሦስት ቀን የሐዘን ቀን ታወጀ። በማግስቱ እሑድ ባለቤቴ መድረክ ላይ አልቆመም። ሌሊቱን ከሚቆፍሩት ጋር አደረ፤ ቀኑን ከሚያለቅሱት ጋር ዋለ። በተከታዮቹ ሳምንታት ከቀብር ወደ ቀብር፣ ከድንኳን ወደ ድንኳን ሲሄድ ከረመ።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ዝም አለ። ይሰብካል፣ ይጸልያል፣ ሰው ይጠይቃል፤ ቤት ሲገባ ግን ዝም ነው። እራት ላይ ይቀመጣል፤ ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ነው። እኔም ድካም ነው ብዬ አለፍሁት። የመጋቢ ሚስት ስትሆኚ ለምእመናን ሐዘን ጊዜ ታገኛለሽ፤ የራስሽን ሰው ሐዘን ግን አጠገብሽ ተቀምጦ ላታዪው ትችያለሽ።

ቀብዱ

በጥቅምት 2011 ዓ.ም አንድ ምሽት ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ "አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ እንዳትቆጪ" አለኝ። እንዳትቆጪ ሲባል ቁጣ እንደሚጀምር ታውቃላችሁ።

አንድ ያረጀ ቮልስዋገን አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራ፣ ለብዙ ዓመታት ከአንድ ግቢ ጥግ ላይ ዶሮ ሲያድርበት የቆየ፣ የማይነሣ መኪና። ዋጋው 85,000 ብር። ገንዘቡ ከአባቱ ቤት ሽያጭ ከሚደርሰው ድርሻ ይከፈላል። ይህ ድርሻ ግን ገና አልደረሰም። ስለዚህ 15,000 ብር ቀብድ ከፍሏል። ቀብዱን ከየት አመጣህ አልሁት። ከባንክ ደብተራችን፤ ማለትም ጣሪያችንን ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ለማስቀየር በሁለታችን ስም ካጠራቀምነው።

እውነት እላችኋለሁ፣ መኪናው አይደለም መጀመሪያ የመታኝ። ሳይነግረኝ ማውጣቱ ነው። ቀጥሎ የመጣብኝ ደግሞ ኀፍረት ነበር። ሰው ቆሻሻ ለይቶ በሚኖርበት መንገድ ላይ መጋቢው ለጨዋታ የሚሆን መኪና ገዛ ሲባል፣ በየትኛው ፊቴ ነው ወደ እኅቶች ኅብረት የምሄደው? "አንድ ቀን እንኳ ያልቀበርሃቸው ሰዎች መስለህ ትኖራለህን?" አልሁት። ይህን ቃል ዛሬ ድረስ እጸጸትበታለሁ። ቀና ብሎ አየኝና ተነሥቶ ወጣ። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም።

አሁን የእኔ ተራ ነው። በዚያው ጊዜ እኔም ባለቤቴ የማያውቀው እቁብ ነበረኝ። በየሳምንቱ ከአስቤዛው እየቆነጠርሁ የምጥለው። ለክፉ አልነበረም፤ ለክፉ ቀን ነበር። ግን ድብቅ ነበር። በአራተኛው ቀን ልወቅሰው ተዘጋጅቼ ስቀመጥ ይህ እቁብ ትዝ አለኝና አፌ ተያዘ። ገንዘብ በመደበቅ ከሆነ ሁለታችንም አንድ ወንበር ላይ ነን። እኔው ቀድሜ ነገርሁት። መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ሳቀ። ከወራት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቁ ነበር።

ለምን ቮልስ?

ለምን ይህን መኪና እንደ ወደደ ጠየቅሁት። ከልቤ ስጠይቀው ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

በልጅነቱ ያስተማረው መምህር ቮልስ ነበረው። በዘመኑ የመምህራን፣ የነርሶችና የመንግሥት ሠራተኞች መኪና ነበር፤ ዛሬም የአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ስንት እንዳለ ታያላችሁ። ታሪክም ተሸክሟል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። በሮልስ ሮይስ የሚሄዱ ንጉሥ በመምህሩ መኪና ወጡ። ባለቤቴ ይህን ሲነግረኝ፣ "ይህ መኪና ትልቁንም ትንሹንም እኩል ያስጎነብሳል" አለኝ።

በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ የመጨረሻው ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ነው። ስለዚህ አዲስ የለም፤ ያለው የቀድሞው ነው። እኛ አገር ደግሞ አሮጌ መኪና ዋጋው የማይወድቅበት ምክንያት አለ። ከውጭ በሚገባ መኪና ላይ የሚጣለው ቀረጥና ታክስ ከባድ ሆኖ ኖሯል፤ በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም ያገለገሉ መኪኖችን ይበልጥ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። በዚህ ሁሉ ምክንያት ሌላ አገር ቢሆን ለብረታ ብረት የሚሸጥ መኪና እኛ ጋ ተጠግኖ፣ ተቀብቶ፣ ቸርኬው ተቀይሮ ለሙሽራ ይከራያል። ወጣቶችም የፊቱን ዝቅ አድርገው፣ ሰፊ ጎማ አድርገው፣ ደማቅ ቀለም ቀብተው ሲነዱት ታያላችሁ። የባለቤቴም ሕልም ይኸው ነበር። በ34 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር ፋንታ ባለ 1600 ሲሲ ሞተር፣ ሁለት ካርቡራተር፣ ሰፊ ቸርኬ፤ የአርባ ስምንት ዓመት መጋቢ!

የአሮጌው መካኒክ ትምህርት

አብረን ሄደን እንድናየው ተስማማን። ለብዙ ዓመታት ቮልስ ብቻ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዘን ሄድን። እኝህ ሰው ያስተማሩን ለማንኛችሁም ስለሚጠቅም በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ሊብሬውን ጠየቁ። የኋላውን ወንበር አንሥተው መሐል ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር፣ ከዲናሞው ማቀፊያ ሥር ያለውን የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። "እትዬ፣ መኪናው ቢበሰብስ ይበየዳል፤ ወረቀቱ ከበሰበሰ ግን አይበየድም" አሉኝ። ሞተር ወይም ቀለም የሚለውጥ ሰውም ለውጡን በሊብሬው ላይ ማስመዝገብ አለበት፤ አለዚያ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ጣጣ ነው።

ቀጥሎ ዝገቱን አዩ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ አሲዱ እየፈሰሰ የወለሉን ላሜራ ይበላዋል። በመፍቻ እጀታ ሲነኩት ሥሩ ተበሳ። "ከላይ በስቱኮ የተሞላ ቀለም አይታችሁ አትግዙ፤ ሥሩን እዩ" አሉን። ደግሞም የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ባትሪው ክዳን እንዲኖረው አዘዙ።

ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ስለሆነ፣ እሱ ከተበጠሰ ቀዩ መብራት ይበራል፤ ያኔ "ትንሽ ልሂድ" ማለት የለም፣ ወዲያው ማቆም ነው። ቤንዚኑ ያለው ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው፤ ወደ ኋላ የሚሄደው ጎማ ቱቦ ያረጀ እንደሆነ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው። ዋጋው ትንሽ የሆነውን ቱቦ መጀመሪያ ቀይሩ አሉን።

በመጨረሻ ባለቤቴ ስለ ሁለቱ ካርቡራተር አነሣባቸው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ "ፓስተር፣ መጀመሪያ የሚያቆመውን፣ ከዚያ በኋላ የሚያስሮጠውን" አሉት። ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ መብራት፣ የደኅንነት ቀበቶ ይቅደም፤ ጉልበት መጨመር የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህ ስለ መኪና ብቻ የተነገረ አልመሰለኝም። ስንቶቻችን ነን ትዳራችን ፍሬን ሳይኖረው ፍጥነት የምንጨምርበት?

ደብተሩ

ጌታ ግንብ ለመሥራት ስላሰበው ሰው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 የተናገረውን ምሳሌ ታስታውሳላችሁ። አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያላሰላ ሰው መሠረቱን ጥሎ ያቆማል፤ የሚያየውም ይዘብትበታል። እኛም ተቀመጥን። አንድ ባለ ቀይ ሽፋን ደብተር ገዝተን እነዚህን ጻፍን።

የአባቱ ድርሻ ሲመጣ መጀመሪያ 15,000 ብሩ ወደ ጣሪያው ሒሳብ ይመለሳል፤ ጣሪያው ከክረምት በፊት ይሠራል። ለመኪናው በወር ከ2,000 ብር በላይ አይወጣም፤ ያውም ዐሥራት፣ ትምህርት ቤትና አስቤዛ ከተከፈለ በኋላ። ለመኪናው ብድር አይወሰድም፤ የቤተ ክርስቲያን አንድ ሳንቲምም ሆነ የቤተ ክርስቲያን ሰዓት አይነካውም። ከ500 ብር በላይ የሆነ ዕቃ ሁለታችን ካልተስማማን አይገዛም። ሥራው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጃችን ይሳተፋል። የእኔም እቁብ በዚሁ ደብተር ይጻፋል።

ለሽማግሌዎች ጉባኤም አስታወቅን። ባለቤቴ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ በግልጽ ተናገረ፤ ደብተሩን ማየት ለሚፈልግ ክፍት መሆኑንም አስታወቀ። ያም ሆኖ ወሬ አልቀረም። አንዲት እማማ ከጸሎት በኋላ ጎተት አድርገው፣ "ልጄ፣ መጋቢያችን መኪና ገዛ ይላሉ፤ ከመባው ነው እንዴ?" አሉኝ። አልተቀየምሁም። እጃቸውን ይዤ ወደ ግቢያችን ወሰድኋቸው። በድንጋይ ላይ የቆመውን፣ ጎማ የሌለውን፣ በሩ የተነቀለውን ነገር አዩትና፣ "ይህማ መኪና አይደለም፣ የመኪና አስከሬን ነው!" ብለው እስኪያነባቸው ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ወሬውን ያጠፉልን እሳቸው ናቸው። እኅቶቼ፣ ጥያቄ ያለው ሰው ጠላት አይደለም፤ በሩን የዘጋንበት ሰው ግን የሐሜት አባት ይሆናል።

አራቱ ቸርኬዎች

ሁሉም በሰላም ሄደ ብዬ አላታልላችሁም። በስድስተኛው ወር ባለቤቴ ለካንዴላ ብሎ ሶማሌ ተራ ሄዶ አራት ሰፋፊ ቸርኬ ይዞ ተመለሰ። ያገለገሉ ናቸው፣ 6,000 ብር፣ "ዛሬ ካልገዛሁት ነገ አላገኘውም ነበር።" ያን ጊዜ መኪናው ወለል እንኳ አልነበረውም። ሞተሩ ተፈትቶ በካርቶን ውስጥ ነበር።

እንደ ቀድሞው ልጮህ አሰብሁ። ከዚያ ደብተሩን አምጥቼ ፊቱ ላይ ዘረጋሁት። አንድ ቃል አልተናገርሁም። ልጃችንም ቆሞ ያይ ነበር። ባለቤቴ እስክርቢቶ አንሥቶ፣ "6,000 ብር፣ ያለ ስምምነት" ብሎ ጻፈና ከሥሩ ፈረመ። ከዚያም፣ "ሦስት ወር ምንም አይገዛም" ብሎ ራሱ ፈረደ። ሦስቱን ወር ጠበቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽቦ ብሩሽ ይዞ ዝገት ሲያነሣ ይውል ነበር። ልጄ ከአባቱ ስብከት ሁሉ ይልቅ ያን ፊርማ እንደሚያስታውስ ከቅርብ ጊዜ በፊት ነገረኝ።

ከመኪናው ሥር የሰማሁት

በእነዚያ ባዶ ሦስት ወራት አንድ ወጣት ግቢያችንን መልመድ ጀመረ። በቆሼ ብረት እየለየ ያደገ፣ እናቱን ያ ቅዳሜ ምሽት ያጣ ልጅ ነው። መጀመሪያ የመጣው ቁርጥራጭ ብረት ካለን ሊገዛ ነበር። የሞተሩን ግማሽ ቤት አንሥቶ በእጁ መዝኖ፣ "ይሄ አልሙኒየም አይደለም፤ ይቀልላል" አለ። ሽማግሌው መካኒክ ተደነቁ፤ እውነትም የቮልስ ሞተር ቤት የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። ማንም አላስተማረውም፤ እጁ ያውቃል። ሽማግሌው ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ጋራዣቸው ወሰዱት። የወለሉን ላሜራ ቆርጦ በመበየድ የረዳው እሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሻይ ይዤ ስወጣ ባለቤቴና ይህ ወጣት ከመኪናው ሥር በጀርባቸው ተኝተው ይሠሩ ነበር። እግራቸው ብቻ ይታያል። ባለቤቴ ይናገራል። የቀበራቸውን ሰዎች በስም እየጠራ ይናገራል። "በተከታዩ እሑድ ስለ ተስፋ ሰበክሁ፤ እኔ ግን ለራሴ መጸለይ አቅቶኝ ነበር" አለ። ወጣቱ ረዥም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ "እናቴን እርስዎ ነዎት የቀበሯት። ድምፅዎን አስታውሳለሁ" አለው። ከዚያ መፍቻው ብቻ ይሰማ ነበር።

ትሪውን እንደያዝሁ ቆምሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ አልጋ የተኛ ሰው ለእኔ ያልነገረኝን ከመኪና ሥር ለልጅ ነገረው። ቅናትም ተሰማኝ፣ እፎይታም። ከዚያ አስተዋልሁ፤ ፊት ለፊት ዓይን ለዓይን ተያይቶ መናገር ለማይችል ሰው እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል። እኔ ግን ሁልጊዜ "ተቀመጥና ንገረኝ" ነበር የምለው። ሻዩን አኖርሁና ምንም እንዳልሰማ ሆኜ ገባሁ። ማታ እሱ ራሱ ጀመረው፤ እስከ ሌሊት አወራን።

ከዚህ ተነሥታችሁ "መኪና ግዙ፣ ሐዘን ይለቃል" እንዳትሉ። መኪና መድኃኒት አይደለም። ከዚያ በኋላ በዕድሜ ከሚበልጡን አንድ የአገልጋይ ባልና ሚስት ጋር ለወራት ተቀምጠን ተመካክረናል፤ የልብን ስብራት የጠገነው ጊዜ፣ ጸሎትና ሰሚ ጆሮ ነው። መኪናው ግን በሩን ከፈተ።

ሥራው በአንድ ዓመት ያልቃል ተብሎ 40 ወር ፈጀ። የዕቃ ዋጋ እየናረ ሲሄድ ወርኃዊውን ወደ 3,000 ብር ከፍ አድርገነዋል፤ በድምሩ ከግዢው ውጪ 98,000 ብር ወጥቷል። ከስድስት ቮልት ወደ ዐሥራ ሁለት ቮልት ተለወጠ፤ ፍሬኑ ታደሰ፤ ቀበቶ ገባለት። ሁለቱ ካርቡራተር ግን ቀረ፤ 1600ውም ቀረ። ባለቤቴ ራሱ፣ "ሠላሳ አራት ፈረስ ለቆሼ መንገድ ይበቃል" አለ። ሰፋፊዎቹ ቸርኬዎች ግን አሉ፤ ያምሩበታልም፣ ይህን ለእሱ አልነግረውም። በየካቲት 2014 ዓ.ም መጀመሪያ ሲነሣ ወደ ጀሞ ወጣን። ገና ሳንርቅ ቀዩ መብራት በራ። ልጃችን ወርዶ ቺንጊያውን ቀየረና ጉዟችንን ቀጠልን። ዛሬም ዘይት ያንጠባጥባል። ጣሪያችን ግን አያንጠባጥብም።

ለእኅቴ የምመልሰው

እንግዲህ እኅቴ፣ የባልሽ ምኞት የልጅነት ነገር ነው ወይ ላልሽው፣ ምናልባት ነው። የልጅነት ነገር ሁሉ ግን ክፉ አይደለም። "አይሆንም" ከማለትሽ በፊት "ለምን ይህን ወደድህ?" ብለሽ ጠይቂው፤ መልሱን እስኪጨርስም አታቋርጪው። እኔ ይህን ጥያቄ ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ያን የምጸጸትበትን ቃል ባልተናገርሁ ነበር።

ጠብበሽ ነው ወይ ላልሽውም፣ አልጠበብሽም። የቤት ኪራይ እየጨነቃችሁ ከሆነ ጊዜው አሁን አይደለም፤ ይህን በግልጽ የመናገር መብት አለሽ። በብድር፣ በእቁብ ዕጣ ወይም በልጆች ክፍያ የሚገዛ የትርፍ ጊዜ ሥራ ትርፍ ጊዜንም ትርፍ ገንዘብንም ይበላል። "አይሆንም" እና "ገና ነው" ግን አንድ አይደሉም። ገና ነው ካልሽው ቀኑንና መጠኑን አብራችሁ ጻፉ። መኪናው ቢቀርም ሌላ አለ፤ በትንሽ ገንዘብ አሮጌ ሬዲዮ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የተሰበረ ወንበር ይጠገናል። እጅ ሥራ ይፈልጋል፤ ሥራው የግድ ጎማ ያለው መሆን የለበትም።

ለወንድሜ፣ ለባልሽ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ወንድሜ፣ ሚስትህ መኪናህን አልጠላችም። የጠላችው ሳታውቅ መቆየትን ነው። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ንገራት። ከከፈልህም ዛሬ ማታ ንገራት፤ ነገ ይበልጥ ይከብድሃል። ገንዘቡን ስታሰላ የመግዣውን እጥፍ ያዝ፤ ጊዜውን ስታሰላ ሦስት እጥፍ። ልጅህንም ከአጠገብህ አታርቀው፤ መፍቻ አቀብለኝ የምትልበት ዕድሜው አጭር ነው። የእኛው ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

በዚህ ሳምንት ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተነጋገሩበት፦

1. በቤታችን ውስጥ አንዳችን የማናውቀው ገንዘብ፣ ዕዳ ወይም እቁብ አለ? ማን ይጀምር?

2. የትዳር ጓደኛዬ ከልጅነቱ ወይም ከልጅነቷ ጀምሮ ሲመኘው የኖረው ነገር ምንድን ነው? ምክንያቱን ጠይቄ አውቃለሁን?

3. ያለ ሁለታችን ስምምነት የማይወጣው የገንዘብ መጠን ስንት ይሁን? በደብተር ጻፉት፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

4. ባልተናገርነው ሐዘን ምክንያት በመካከላችን የገባ ዝምታ አለ? ምን እየሠራን ብናወራ ይቀለናል?

እስከሚቀጥለው እትም በሰላም ቆዩ። ጸጋው ይብዛላችሁ።